ያለ ሞት የተጠራ ቅሬ

ኢሕሳን ኡበይደላ በተወለደችበት ሰዓት አባቷ ቤት አልነበረም፤ ቅሬ ሊጠራ ጉብታው ላይ ወጥቶ ነበር። ይህን እናቷ ዘይነባ እስከ ዛሬ አልረሳችለትም። «እኔ በምጥ ስጮህ እሱ ለሌላ ሰው ሞት ይጮህ ነበር» ትላለች፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር። ከመርሳ ከፍ ብሎ በተራራው ጥግ ባለችው በዚያች የሀብሩ ወረዳ መንደር ግን በኡበይደላ የሚፈርድ የለም። ጠሪ ነው። ጠሪ ሚስቱ ብትወልድም፣ በሬው ገደል ቢገባም፣ ሰው ሞቷል ከተባለ ይወጣል።

ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። በዚያ መንደር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይተዳደራል፤ መቃብሩ ይለያያል እንጂ ድንኳን ተካዩ፣ ውሃ ቀጂው፣ የሚጠራውም ሰው አንድ ነው። አጠራሩም ወግ አለው። ጠሪው የሟቹን ስም አያነሳም። ሰው የወንድሙን ሞት ከጉብታ ላይ በተለቀቀ ጩኸት መስማት የለበትም፤ መርዶ በሽማግሌ አንደበት፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ጠሪው «ሰው አልፏል፣ ከጠሪው ደጅ ተሰብሰቡ» ብሎ ያበቃል። የተጠራውም ሰው ደርሶ «ማን ነው የሞተው?» ብሎ አይጠይቅም። ማን ያውቃል፣ አጠገቡ የቆመችው ሴት ገና ያልተረዳች እህት ትሆን ይሆናል። ሽማግሌ እስኪናገር ድረስ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል።

ኡበይደላ ይህን ሥራ ከአባቱ ተቀብሎ ጎልማሳነቱን ሁሉ ሲጠራ ኖረ። በድምፁ ይኮራል፤ ኩራቱንም አይደብቅም። ሰርግ ላይ ዝፈን ሲሉት «ይቺ ለሰርግ አልተፈጠረችም» ብሎ ጉሮሮውን ይደባብሳል። ይስቁበታል። ሲጠራ ግን የሚቀር የለም፤ ማሽላ የሚያጭደውም ውሃ የሚያጠጣውም የያዘውን ጥሎ ይነሳል። «እውነት ነው እንዴ?» ያለ ሰው ተሰምቶ አይታወቅም። የኡበይደላ ሀብቱ ይኸው ነበር፤ ሌላ ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረውም።

ኢሕሳን «የጠሪው ልጅ» እየተባለች አደገች። በትምህርቷ ጎበዝ ነበረች፤ መርሳ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ ውጤት መጣላት፣ ጓደኞቿ ጋምቤላና ጅማ ሲመደቡ እሷ ወልድያ ደረሳት። ኡበይደላ «አልሐምዱሊላህ፣ ከደጃችን ሳትርቅ» ብሎ ሰደቃ አወጣ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ሳይንስ ያዘች፤ በሁለተኛ ዓመቷ ደግሞ የተማሪዎች ቴክኖሎጂ ክበብ አባል ሆነች።

ስለዚህ ክበብ ትንሽ መባል አለበት። ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ «ቀጣይ መርሃ ግብሮች» የሚል ሰሌዳ ነበረው፤ ያ ሰሌዳ ባዶ ሆኖ አያውቅም። የሞባይል ጥገና ሥልጠና፣ የሴት ተማሪዎች የፕሮግራሚንግ ሳምንት፣ የሲሪንቃ እርሻ ምርምር ጉብኝት፣ የሮቦት ውድድር። ሮቦቱ በየመንፈቀ ዓመቱ ይለጠፋል፣ በየመንፈቀ ዓመቱም ሳይመጣ ይቀራል፤ አንድ ቀልደኛ ከሥሩ «ሮቦቱ መንገድ ተዘግቶበት ነው» ብሎ ጽፎበት ነበር። ከተለጠፈው ጥቂቱ ይፈጸማል፤ የሚፈጸመውም በቤተልሔም ጉልበት ነው።

ቤተልሔም የክበቡ ፕሬዚዳንት ናት። የደሴ ልጅ፣ ሳቂታ፣ ቀልጣፋ፣ የተዘጋ ቢሮ በሳቅ የምታስከፍት። ከኢሕሳን ጋር አንድ ዶርም፣ አንድ ተደራራቢ አልጋ ነበራቸው፤ እሷ ከላይ፣ ኢሕሳን ከታች። በረመዳን ቤተልሔም ራቷን ሳትበላ የኢሕሳንን ማፍጠሪያ ትጠብቃለች። በሁዳዴ ኢሕሳን ከቤት ስትመለስ ለቤተልሔም የጾም ብላ ቆሎና ማንጎ ትሸከማለች። ኢሕሳን እህት የላትም። ሁለት ወንድሞቿ ከትዳራቸው ጋር እዚያው መንደር ናቸው። ስለዚህ ለእናቷ «እህት አገኘሁ» ብላ ነገረቻት፣ እናቷም አመነች።

አንድ ቀን ከሰዓት ልብስ እያጠቡ ኢሕሳን ስለ አባቷ አነሳች። ድምፁ እየደከመ ነው፤ ወጣቱም እንደ ድሮ መንደር አይውልም። ግማሹ መርሳ ባጃጅ ይነዳል፣ ግማሹ ግራና ከሚባለው የመስኖ አገር ሽንኩርት ይጭናል፤ ጉብታው ላይ ቢጮህ የሚሰማው ሽማግሌና ሕፃን ነው። «ባለፈው አንድ ቀብር ላይ መቃብር ቆፋሪ ጠፋ» አለች። «አባ ጥፋቱን በራሱ ላይ አድርጎ ምግብ እምቢ አለ።»

ቤተልሔም እጇን ከአረፋው ውስጥ አወጣች። «ኢሑዬ፣ ይሄ እኮ ፕሮጀክት ነው!»

ሐሳቡ ቀላል ነው። የጠሪው ድምፅ ይቀዳል። ሰው ሲሞት አንድ ቁልፍ ይነካል፤ ኮምፒውተሩ ለቅሬው አባላት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደውልላቸዋል፤ ስልኩን ያነሳ ሁሉ የኡበይደላን ጥሪ ይሰማል። ኢንተርኔት በዚያ አገር እንደፈለገው ይመጣል ይሄዳል፤ ተራ ስልክ ግን ይጠራል፣ ማንበብም አይጠይቅም። ኮዱን የጻፈችው ኢሕሳን ናት። ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። ላፕቶፑን፣ ሲም ካርዱን፣ ፈቃዱን ያመጣችው ቤተልሔም ናት፤ ሐቁን እንናገር ካልን ያለ እሷ አይሆንም ነበር።

ከኮዱ የከበደው ቅሬው ነበር። ኢሕሳን ከጉባኤው ፊት ቆማ አስረዳች። የቅሬው ዳኛ አቶ አስፋው ከዘራቸውን ተደግፈው ጨርሰው አዳመጧት።

«ቢሳሳትስ ልጄ?» አሉ። «ይህ የሰው ሞት ነው፤ የገበያ ወሬ አይደለም። ዋስ አለሽ?»

ኢሕሳን አፏን ሳትከፍት ኡበይደላ ብድግ አለ። «ዋሷ እኔ ነኝ» አለ። ነገሩ በዚያው አለቀ፤ ሰዉ ስልክ ቁጥሩን እየተናገረ ወጣ።

ድምፁን ለመቅዳት ቤተልሔምም አብራ መጣች። ዘይነባ እንግዳዋን አላህ ያመጣት ልጅ ብላ ሽሮም ጎመንም ሠርታ ጠበቀቻት። ኡበይደላ ለዚያ ቀን ንጹሕ ሽርጥና አዲስ ኮፍያ አድርጓል፤ ድምፅ ልብስ ይታይበት ይመስል! ማር በሞቀ ውሃ እየጠጣ ጉሮሮውን ሲያዘጋጅ ዋለ። ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። የት ይጥራ? ጉብታው ላይ ከጠራ መንደሩ ይወጣል። ደጅ ከጠራ ጎረቤት ይሰማል። ሲመክሩ ቆይተው በመጨረሻ ከጓዳ የማሽላ ጆንያዎች መሃል ገባ፤ በሩ ተዘጋ፣ ዘይነባ ከውጭ በሙቀጫ እየወቀጠች ድምፁን እንድትሸፍን ተደረገ።

ከመጀመሩ በፊት እጁን አነሳ።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለ። «ይህ ቃል ሰው ሲሞት ብቻ ነው የሚወጣ። ለሙከራ አይሰማ፣ ለእንግዳ አይሰማ። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ለልምምድ እንኳ ጠርቼ አላውቅም። ያለ ሞት ቅሬ አይጠራም።»

«እናቴ ትሙት፣ ጋሼ!» አለች ቤተልሔም፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

ኡበይደላ ደነገጠ። «እናትሽንስ ተያቸው፤ እሺ ካልሽ ይበቃኛል» አለ። በሱ አገር በእናት ሞት የሚምል ሰው መሐላውን እንደ እሳት ይዞ ነው የሚሄደው። ዶርም ውስጥ ግን እናቷን በቀን አሥር ጊዜ የማትገድል ልጅ የለችም፤ ሻምፑ ለመዋስም፣ ክፍል ለመቅረትም «እናቴ ትሙት» ነው። ይህን ኢሕሳን ታውቅ ነበር፤ ግን አባቷ በእሺታው ስለረካ ነገሩን ተወችው።

ኡበይደላም አፉን ከስልኩ አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ለቀቀው። «ቅሬ ሆይ! ቅሬ ሆይ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሰው አልፏል፤ ከጠሪው ደጅ ተሰብሰቡ!» ከጓዳው ሲወጣ ፊቱ በላብ ርሷል። የተቀዳውን አሰሙኝ አላለም፤ እሱም እንኳ ያለ ሞት ሊሰማው አልፈለገም።

ለመሞከሪያ ኢሕሳን የራሷን ድምፅ ቀዳች፦ «ይህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሙከራ ነው፤ ማንም አልሞተም።» በዚህ ሞክረው ስልኮቹ ሠሩ፣ ሽማግሌዎቹ ተገርመው «ደህና ናችሁ ልጆች?» እያሉ ለኮምፒውተሩ መለሱለት። ነገሩ አማረ። ግንቦት ገባና ሰሌዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጠፈ፤ የክበቡ ክፍት ቀን። እንግዶች ይመጣሉ፣ ሥራዎች ይታያሉ፣ የተመረጠው በክረምቱ አዲስ አበባ ለተማሪዎች የፈጠራ ውድድር ይሄዳል።

ከክፍት ቀኑ በፊት በነበረው ሳምንት ቤተልሔም ከላይኛው አልጋ አንገቷን አስግጋ «የአባትሽን ድምፅ እናሰማ» አለች።

«አይሆንም።»

«አዳራሽ ውስጥ ብቻ! ማን ይሰማል?»

«ቤቲ፣ አይሆንም አልኩሽ። ቃል ሰጥተናል።»

ቤተልሔም ወርዳ አቀፈቻት። «እሺ በቃ፣ አትቆጪ። ያንቺን እናደርጋለን» አለች። ኢሕሳንም በዚያ ተማመነች። ዛሬ የሚቆጫት ክርክሩ አይደለም፤ ያቺ እቅፍ ናት።

የክፍት ቀኑ ጠዋት ኢሕሳን ሸሚዟን ተኩሳ ስትወጣ ቤተልሔም በሩ ላይ አገኘቻት። «ጉድ ሆነናል። የሲሪንቃው ዶክተር አብርሃም መኪና አጣሁ ብለዋል። እሳቸው ዳኛ ናቸው፣ ያለ እሳቸው አይጀመርም። አንቺ አገሩን ታውቂዋለሽ፣ በሚኒባስ ሄደሽ ይዘሻቸው ነይ። እስክትመጪ እንጠብቅሻለን።»

ኢሕሳን አልተጠራጠረችም። ወልድያ መናኸሪያ ሄዳ የመርሳን ሚኒባስ ያዘች፤ ሲሪንቃ ምርምር ማዕከሉ በር ላይ ወረደች። ዶክተሩ ማሽላ መሞከሪያ ማሳው ላይ ናቸው ተባለች። ጠበቀች። ፀሐዩ ጠነከረ፣ እንግዶቹ አዳራሽ ተቀምጠው እየታዩዋት ተቁነጠነጠች። በኋላ ሰውዬው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ።

«የምን ክፍት ቀን?» አሉ። «አዎ፣ አንዲት ልጅ ባለፈው ሳምንት ደውላልኝ ነበር። መምጣት አልችልም ብያታለሁ እኮ። አልነገረችሽም?»

ኢሕሳን ስልኳን አወጣች። ቤተልሔም የምትሳሳት ልጅ አይደለችም። ለምን ላከችኝ ብላ ማሰብ ስትጀምር ስልኳ ጠራ፤ አቶ አስፋው ናቸው።

«አቤት ጋሽ አስፋው።»

በስተኋላ የብዙ ሴቶች ለቅሶ ይሰማል።

«ማን ነሽ?» አሉ።

«ኢሕሳን ነኝ እንጂ፣ ምነው?»

«የትኛዋ ኢሕሳን?»

«የኡበይደላ ልጅ! ጋሼ፣ ምን ሆናችሁ? እማ ምን ሆነች?»

«በስመ አብ!» አሉ አቶ አስፋው። «እኔ ይህን ስልክ የደወልኩት… የሚያነሳው ሰው ሬሳሽ ከየት እንደሚነሳ እንዲነግረኝ ነበር፣ ልጄ።»

የሆነው ይህ ነው። ረፋዱ ላይ የቅሬው ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠራ፤ የኡበይደላ ድምፅ «ከጠሪው ደጅ ተሰብሰቡ» አለ። ሰዉ ከማሳው፣ ከመርሳ ገበያ፣ ከግራና እየሮጠ መጣ። ጠሪው ግን ደጁ ላይ የለም፤ ግራና መስኖ ላይ ሽንኩርቱን ሊኮተኩት ወርዷል፣ ስልኩንም ቤት ትቶታል። ዘይነባ የሰው ብዛት አይታ ወጣች፤ «ምንድን ነው? ማን ነው?» አለች። አንድም ሰው አልመለሰላትም። ወጉ አይፈቅድማ! እሷ ካላወቀች ያልተረዳችው እሷ ናት፤ ያልተረዳችው እሷ ከሆነች የሞተው የእሷ ነው። ወንዶቹ ልጆቿ ከሕዝቡ መሃል ቆመው ይታያሉ። የኡበይደላም ድምፁ ተሰምቷል። የሌለችው ኢሕሳን ናት፤ ጥሪውም የመጣው ከወልድያ ተማሪዎቹ ቁጥር ነው። ሰው ሁሉ አጠገቡ ያለው የሚያውቅ እየመሰለው፣ ማንም ሳይናገር፣ መንደሩ በሙሉ አንድ ሐሳብ ላይ ደረሰ። ዘይነባ ከፊታቸው አነበበችው። ጮኸች፣ ሴቶቹ ተከተሏት፤ ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል?

ኢሕሳን ወደ ወልድያ አልተመለሰችም። አስፋልቱን ተሻግራ የመርሳን ሚኒባስ አስቆመች። መንገዱን ሁሉ ቤተልሔም ጋ ደወለች፤ አይነሳም። ኋላ አንድ የክበቡ ልጅ አነሳላትና በደስታ ጮኸ። «ኢሕሳን፣ የት ጠፋሽ? እኛ ነን ያሸነፍነው! የአባትሽ ድምፅ ሲለቀቅ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ!»

ወደ ገዛ ለቅሶዋ ገባች። ድንኳኑ ተተክሏል፣ የመቃብር ዶማ የያዙ ወጣቶች ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ያየቻት ሴት ወደ ኋላ ሸሸች። እናቷ ፀጉሯን ነጭታ፣ ፊቷን ቧጭራ መሬት ላይ ነበረች፤ ልጇን አይታ አልተነሳችም፣ እግሯን ብቻ ይዛ ቀረች። ኡበይደላ ሰው ተልኮበት ከግራና እየሮጠ መጥቶ ኖሮ የምሰሶውን እንጨት ተደግፎ ቆሟል። በመንገዱ ሁሉ ልጁ እንደሞተች ነበር የሚያውቀው። በእጁ ፊቷን ዳበሰ፣ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን። ከዚያ ጭቃ በያዘ እጁ ዓይኑን ጠረገና ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ድምፁ የኔ ነው» አለ። «ዋስ የቆምኩትም እኔ ነኝ። የምትፈርዱትን ፍረዱ።»

«አባ፣ ይቅር በለኝ» አለች ኢሕሳን።

«አንቺ አይደለሽም» አለ፤ ግን አላያትም።

ቅሬው በማግስቱ ተቀምጦ ይቅር አለ። አቶ አስፋው «ጥፋቱ የስልኩ ነው» ብለው ቆርጠው ተናገሩ፣ ቁጥሮቹ ሁሉ እንዲጠፉ ታዘዘ፣ ኡበይደላም እንደ ድሮው በጉብታው ላይ እንዲጠራ ተወሰነ። ሰዉ ተመራረቀ፣ ሰላም ሆነ። በአፍ ሰላም ሆነ ማለት ነው።

ኢሕሳን ወልድያ ስትመለስ ቤተልሔም አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትቀባ ነበር። አይታት ብድግ አለች፤ እንባዋ ቶሎ መጣ። እንደሰማች፣ በጣም እንዳዘነች፣ እንዲህ ይሆናል ብላ እንዳላሰበች ተናገረች። «ቶሎ መልሰን ሙከራ ነው ብለን ልንደውልላቸው ነበር። ከዚያ ጭብጨባው፣ እንግዶቹ፣ ፎቶው… ረሳነው» አለች።

«ረሳችሁት!»

«ግን ኢሑዬ፣ አንድ ነገር ልበልሽ፣ እንዳትጠዪኝ። ሁሉም አንስተዋል እኮ። ሁሉም መጥተዋል። ይሠራል!»

ኢሕሳን አየቻት። ይህችን ልጅ የት ነው የማውቃት አለች በልቧ።

«ሲሪንቃ የላክሽኝ ለምንድን ነው?»

ቤተልሔም የጥፍር ቀለሙን ብልቃጥ ከደነችው፣ እንደገና ከፈተችው።

«እዚህ ብትሆኚ ትከለክዪኝ ነበር» አለች።

ይህን ያለችው ያለ ተንኮል ነው፤ እውነቷን ነው። የከፋውም እሱ ነው። ተሳስቼ ነው ብላ ብትዋሽ ኢሕሳን ውሸቱን ይዛ መኖር ትችል ይሆናል። ያቺ አብራኝ ያፈጠረች፣ የእናቴን ሽሮ የበላች፣ እኔን ከመንገድ ገለል አድርጋ የአባቴን አፍ ነጠቀችው። ይህን አሰበች እንጂ አልተናገረችውም። ፍራሿን ጠቅልላ ወደ ሌላ ዶርም ሄደች።

በሳምንቱ ቤተ መጻሕፍት ስትገባ ሰሌዳውን አየችው። ከቀጣይ መርሃ ግብሮቹ አናት ላይ የአዲስ አበባው ውድድር ተለጥፏል፤ የአቅራቢዎቹ ስም ቤተልሔምና ኢሕሳን ይላል። ከሥሩ «የክብር እንግዳ፦ የቅሬ ጠሪው አቶ ኡበይደላ፣ በሥፍራው ተገኝተው ጥሪ ያሰማሉ» ተብሎ ተጽፏል። አልጠየቋትም፤ እሱንም አልጠየቁት። ወረቀቱን ገንጥላ አራት ቦታ ቀደደችው። በማግስቱ ሌላ ተለጠፈ፣ የእሷ ስም የሌለበት። ቅጂው ቤተልሔም ዘንድ ስላለ ድምፁ ከተማሪዎቹ ጋር አዲስ አበባ ሄደ፤ ያለ ሞት ተጠራ፣ ተጨበጨበለት፣ ሁለተኛ ወጣ አሉ።

ኢሕሳን ለክረምት ቤቷ ገባች። ከአባቷ ጋር ስለ ነገሩ አያነሱም። ኡበይደላ እንደ ቀድሞው ይቀልዳል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ ጉሮሮውን ግን አይደባብስም። ነሐሴ ውስጥ አንድ ማለዳ፣ ለረጅም ጊዜ የታመሙት ጎረቤታቸው እማማ ሙሉ አረፉ። ልጃቸው መጥቶ ለኡበይደላ በጆሮው ነገረው። ኡበይደላ ጋቢውን ለብሶ በጭቃው ላይ ወደ ጉብታው ወጣ። ከዚያ የግንቦት ቀን ወዲህ ሰው ሞቶ ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር።

ኢሕሳን ደጅ ቆማ አየችው። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እጁን ከአፉ ግራና ቀኝ አድርጎ ጠራ። ድምፁ እንደ ድሮው አልነበረም፣ ግን ይሰማል፤ መንደሩን ይሞላል።

በሮች ተከፈቱ። ሰዎች ወጡ፤ ወጥተው ግን በራቸው ደፍ ላይ ቆሙ። ወደ ጉብታው አዩ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የታችኛዋ ጎረቤት እጇን ኪሷ ከተተች። የኢሕሳን ስልክ ጠራ።

«ኢሕሳንዬ፣ አትቀየሚኝ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለች። ዘግታው ሳይቆይ ከመርሳ ባጃጅ ነጂው ደወለ፤ የመንደር ሰው ነግሮት ነው። ከግራናም ተደወለ። ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚጠይቁት፤ ጥሪው የአባትሽ ነው ወይስ የዚያ ኮምፒውተር? «እውነት ነው፣ ኑ፤ እውነት ነው» ትላለች እሷ። ከዚያ አቶ አስፋው ደወሉ። ቤታቸው ከጉብታው ሥር ነው፣ ድምፁ ከራሳቸው በላይ ነበር የሚያልፈው።

«ልጄ፣ እንዲያው ለማረጋገጥ ያህል ነው» አሉ፣ እያፈሩ።

ኡበይደላ ጉብታው ላይ ሆኖ ሁሉንም ያየዋል። ሰዉ በየደፉ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ልጁም ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆማለች። ሁለተኛ ጠራ፣ ድምፁ መሃል ላይ ተቆረጠ። እጁን ከአፉ አወረደ። ከዚያ ሰዉ ኢሕሳንን እየሰማ መንቀሳቀስ ሲጀምር ቀስ ብሎ ወረደ፤ ሽማግሌዎቹን ሰላም ሳይል አልፎ ልጁ ፊት ቆመ።

«ምን አልሻቸው?»

«እውነት ነው አልኳቸው፣ አባ።»

ኡበይደላ ከጋቢው ጫፍ ጭቃውን አራገፈ።

«እኔ ጠርቼ ብያቸው ነበር እኮ» አለ።

ስልኩ እጇ ላይ እንደገና ጠራ። አባቷ እያያት ጠበቀች፤ እሱም ጠበቀ። ሰው ሞቷል፣ መቃብር መቆፈር አለበት። አነሳችውና ፊቷን አዙራ «አዎ፣ እውነት ነው» አለች።